ዘካሪ አይቀመጥም

ከኢቫኒትሳ ተራራ፣ ሴፕቴምበር 6 ቀን 1987

ለተከበርሽው ለእትዬ ስታሜንካ፣

ደብዳቤ ሲጀመር «እኔ ደህና ነኝ» ይባላል። ጻፍኩትና ሰረዝኩት፤ ደግሜ ጻፍኩትና ደግሜ ሰረዝኩት። ለአንቺ መዋሸት አልወድም። እውነቱን ብነግርሽ ደግሞ በመጀመሪያው ባቡር ተሳፍረሽ ከች ትያለሽ። ስለዚህ አንቺና የልጅ ልጆችሽ እንዴት ከረማችሁ ብዬ ልለፈው።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ እበላለሁ። ጠዋት ደረቅ ዳቦ በናና ሻይ፣ ቀን የተቀቀለ ድንች ወይም ሩዝ፣ ማታ ከቀኑ የተረፈውን። ትንሽ ትንሽ ነው፣ እንደ ጫጩት። ከዚያ ካለፈ ሆዴ እንደ ከበሮ ይወጠራል፣ አፌን ምራቅ ይሞላዋል፣ ያቅለሸልሸኛል። ያን ጊዜ በግራ ጎኔ ጋደም ብዬ የጣሪያውን ወራጅ እያየሁ «አባታችን ሆይ»ን ቀስ እያልኩ እደግማለሁ። «የዕለት እንጀራችንን ስጠን» የሚለው ላይ ስደርስ አንዳንዴ ሳቄ ይመጣል። «ዛሬስ ይቅርብኝ ጌታዬ» እላለሁ።

ድካሙ ግን ሌላ ነው። እንጨት ፈልጬ፣ ሳር አጭጄ የሚመጣውን ድካም ዕድሜ ልኬን አውቀዋለሁ፤ ሲተኙበት ይለቃል። ይሄኛው አብሮኝ ተኝቶ አብሮኝ ይነሳል። ያ ትኩሳት ጥሎኝ ከተነሳሁ ወዲህ ይኸው ሦስተኛ ዓመቴ። የከተማው ሐኪም ደሜን አየ፣ ሆዴንም በቱቦ አየ፣ «ንጹሕ ነህ» አለኝ። «ንጹሕ ከሆንኩ ምን ነካኝ ታዲያ?» ስለው «ሚስትህ ከሞተች ስንት ጊዜ ሆነ?» ሲል ጠየቀኝ። ኮሳራ ከሞተች ከሁለት ዓመት በኋላ ነው የታመምኩት። ኀዘን ሁለት ዓመት ሙሉ ጫካ ውስጥ አድፍጦ የሚጠብቅ ሽፍታ ነው እንዴ?

ስለ ቃሪያው የጠየቅሽኝን በሚቀጥለው እመልስልሻለሁ። አሁን እጄ ዝሏል።

ወንድምሽ ቪቶሚር


ቭርሻትስ፣ ሴፕቴምበር 15 ቀን

ወንድም ቪቶሚር፣

ሰላምታው ይቆየን፤ ተናድጃለሁ። ደብዳቤህ አስቆኛልም፣ ግን ንዴቴ ይበልጣል።

«በሚቀጥለው» የምትላትን ነገር አውቃታለሁ። እህቴን ልትጠይቅ ቤታችን የመጣህ ዕለት አባቴ «ስንት በግ አለህ?» ቢልህ «በሚቀጥለው ስመጣ እነግርዎታለሁ» ብለህ ቆብህን አንስተህ ወጣህ። ኮሳራ ጓዳ ገብታ ትራስ ነክሳ ስትስቅ እኔ ነኝ አፏን የያዝኩት። ከዚያ ወዲህ እኛ ሴቶቹ ዘንድ ስምህ «በሚቀጥለው» ነበር፤ አታውቅም አይደል? «በሚቀጥለው እንዴት ነው?» እላታለሁ፣ «ለበጎቹ ድርቆሽ ሊሰጥ ሄዷል» ትለኛለች።

ስለ ቃሪያው ዞርካ ደውላ ነግራኛለች። ልጅህን እንዳትቆጣት፤ አስጨንቄ ያናገርኳት እኔ ነኝ። ጆንያ ሙሉውን ለጎረቤትህ ለራዴንኮ ሚስት ሰጠሃት አሉ። ኮሳራ በሞተችበት ዓመት እንኳ ድልህ ሠርተህ ልከህልኛል፤ ጨው በዝቶበት ነበር እንጂ። ለድልሁ አይደለም የምቆጣው። ስላልነገርከኝ ነው።

አሁን ስማኝ። ዕቃ ስታጥብ ተቀመጥ። ድንች ስትልጥ ተቀመጥ። ገላህን ስትታጠብም በርጩማ አስገባ። ወንድ ልጅ ተቀምጦ ዕቃ ቢያጥብ ጢሙ አይረግፍም። ከደከመህ በኋላ ማረፍ ዋጋ የለውም፤ ሳይደክምህ እረፍ። ሚሎራድ ነፍሱን ይማረውና ልቡን ባመመው ጊዜ እንዲህ ነበር የማደርገው። ለዚያ ሐኪም ደግሞ እንዲህ በለው፦ ኀዘን ቢሆንማ ኖሮ የምተኛው እኔ ነበርኩ፤ ባልም እህትም ቀብሬ ይኸው ሁለት ሳህን እጠርጋለሁ።

ሌላ የደበቅከኝ ካለ አሁኑኑ አውጣው።

ስታሜንካ


ከኢቫኒትሳ ተራራ፣ ኦክቶበር 4 ቀን

እትዬ ስታሜንካ፣

ስለ ስሜ አሁን ገና ሰማሁ። ሳቅሁ፣ ከዚያ ደግሞ ኮሳራ ይህን ሁሉ ዓመት አፏ ላይ ይዛው እንዴት እንዳላመለጣት አሰብኩ። ያን ዕለት ቆቤን ያነሳሁት ምን እንደምል ስለጠፋኝ ነው። በግ አልነበረኝም።

ቃሪያውን ልንገርሽ። ሴፕቴምበር ሲገባ ኮሳራ የቆርቆሮ ምድጃዋን ከጋጣው ጎን ታወጣ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ቀዩ ቃሪያ ይጠበሳል፣ ልጣጩ ጠቁሮ ይነሳል፣ እሷ ጣቷን እየላሰች ትልጣለች። ጣቶቿ እስከ ሚካኤል ድረስ ቀይ ነበሩ። ጭሱ ከሸለቆው ሲወጣ እኔ ከላይ ሜዳ ሆኜ ቤቴ የት እንዳለ በአፍንጫዬ አውቅ ነበር።

ዘንድሮ ሽታው ከራዴንኮ ግቢ መጣ። ደስ ብሎኝ መስኮቱን ከፈትኩ። ከዚያ ከጋጣው ጀርባ እስክደርስ እንኳ ጊዜ አልሰጠኝም፤ አንጀቴ እስኪወጣ አስመለሰኝ። አየሽ፣ ሌላ ሽታ ቢሆን ግድ የለኝም። እሷን ያመጣልኝ ሽታ ነው። ሰው የገዛ ትዝታውን ሆዱ አልቀበልም ሲለው ምን ይባላል? መስኮቱን ዘጋሁና አልጋዬ ላይ ሆኜ እግዚአብሔርን ጠየቅሁት፤ እሱም እንደ ሐኪሙ «ንጹሕ ነህ» ሳይለኝ አይቀርም። ይቅር ይበለኝ።

በርጩማውን ግን ተመስገን በይልኝ፤ ዕቃ ተቀምጬ አጥባለሁ። ቤተ ክርስቲያንም ከግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ከአሮጊቶቹ ጋር መቀመጥ ጀምሬያለሁ። ራዴንኮ ስንወጣ ጠብቆ «ቪቶሚር፣ ከአሮጊቶቹ ጋር የጀመርከውን ሹራብ የት አደረስከው? እጅጌው አለቀ?» አለኝ። አፉ መቼም አያርፍም። ማታውን ግን ሳልጠይቀው ወተት አምጥቶ ደፉ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ፤ ወተት እንደማይስማማኝ ረስቶ።

የቶማስ ዝክራችሁ ደረሰ። ሚሎራድ ነፍሱ በሰላም ትረፍ፣ በሩ ላይ እንደ ግንድ ቆሞ «ግቡ፣ ግቡ፣ ብርድ አታስገቡብኝ» ሲል አሁንም ይታየኛል። ቤትሽ እንደ ድሮው ይሙላልሽ። እንዴት እንደዋለ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ቪቶሚር


ቭርሻትስ፣ ኦክቶበር 22 ቀን

ወንድም ቪቶሚር፣

ቶማስ አልፏል፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

እዚህ የወይን ለቀማው አልቋል፣ ከተማው ሁሉ ጉሽ ይሸታል፣ ንቡ መከራ ነው። የልጄ ትንሿ ልጅ ጥርሷ ወልቆ በኩራት ለመንገደኛ ሁሉ ድዷን ታሳያለች።

ትዝታን ሆድ አልቀበል ሲል ምን ይባላል ብለኸኛል። ትዝታዋን የጠላው ሆድህ ነው እንጂ አንተ አይደለህም። ኮሳራን ዞርካን ባረገዘች ጊዜ ታስታውሳታለህ? የአንተን ኮት ሽታ መቋቋም አቅቷት ደጅ በረዶ ላይ ታሰቅለው አልነበር? ጠልታህ ነበር እንዴ? እየተንቀጠቀጥክ በጎቹን ልታይ ትሄድ ነበር፤ እሷ ደግሞ በመስኮት እያየችህ ታለቅስ ነበር። ይህንንም እኔ ነኝ የማውቀው።

አሁን ወደ ሚካኤል ዝክርህ። ጥብሱ ቤትህ አይጠበስ፤ ራዴንኮ ግቢ ይጠበስ፣ ለመቁረስ ሲደርስ ብቻ ይምጣ። በጎመን የሚጠቀለለውን ሥጋ ዞርካ ከባሏ ቤት ሠርታ ታምጣ፤ ሲሞቅ በረንዳው ላይ ይሙቅ። መስኮት ክፈቱ። ንፍሮ አይቀቀልም፤ «ሚካኤል መልአክ ነው፣ አልሞተም፣ የምን ንፍሮ?» እያለች እናትህ ኮሳራን ያስለቀሰቻት ይበቃናል። ከፈቀድክ እኔም ቀድሜ መጥቼ ጓዳውን እይዛለሁ።

እንግዳው እስኪወጣ ስለ መቆሙስ ምን አሰብክ?

ስታሜንካ


ከኢቫኒትሳ ተራራ፣ ኖቬምበር 1 ቀን

እትዬ ስታሜንካ፣

አትምጪ። ዘንድሮ እንግዳ አንቀበልም።

ይህን ለመጻፍ ሙሉ ሳምንት ፈጀብኝ፤ ስለዚህ ቶሎ ብለሽ አትቆጪኝ። ለዝክር ሰው አይጠራም፤ የሚመጣ በራሱ ይመጣል። እንዳይመጣ ደግሞ ሊነገረው ይገባል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ለራዴንኮ ልነግረው ነው፤ ለእሱ የተነገረ እስከ ምሳ ድረስ አገር ምድሩ ይሰማዋል።

ስለ መቆሙ ጠይቀሽኛል። ጧፉ ከበራ ጀምሮ የመጨረሻው እንግዳ እስኪወጣ ዘካሪ አይቀመጥም። አባቴ እግሩ አብጦ በመጫሚያው ፋንታ ጨርቅ ጠምጥሞ ቆሟል። አያቴ በጦርነቱ ጊዜ፣ እንግዳ የሚባል አንድ ዲያቆን ብቻ በመጣበት ዓመት፣ ለአንድ ሰው ሲል ውሎ ቆሟል። እኔ ባለፈው ማክሰኞ ሸሚዝ ልተኩስ ቆሜ፣ አንዱን እጅጌ ሳልጨርስ ጉልበቴ ከዳኝ። በማግስቱ ከአልጋ አልወረድኩም። ሸሚዝ ያልቻልኩ ሰው አገልጋዩ ነኝ ብዬ መልአኩ ፊት ልቆም ነው?

ደግሞስ ለማን? ወንድ ልጅ የለኝም። ዞርካም እህቷም የባሎቻቸውን ቅዱስ ይዘዋል፣ እንዲያ ነው ደንቡ። ከእኔ በኋላ ይህን ጧፍ የሚያበራ የለም። የማይቀር ነገር ጥቂት ዓመት ቢቀድም ምን ይሆናል እላለሁ።

እላለሁ እንጂ ልቤ አያርፍም። ራሴን ስመረምረው፣ እስከ ዛሬ የቆምኩት ለሚካኤል ነው ወይስ ሰው «ቪቶሚር ቆመ» እንዲለኝ? ለሚካኤል ከሆነ ተቀምጬም ያየኛል። ለሰው ከሆነ ደግሞ ቢቀርስ ምን ጎደለ? በሁለቱም በኩል መልሱ ተቀመጥ ነው የሚለኝ። ግን አልችልም። ሁሉ እያየኝ ከጧፉ ሥር መቀመጥን ሳስበው ከጥብሱ ሽታ ይልቅ እሱ ያቅለሸልሸኛል።

ለዞርካ እስክነግራት አትንገሪያት።

ወንድምሽ ቪቶሚር


ቭርሻትስ፣ ኖቬምበር 8 ቀን

ቪቶሚር፣

ልቆጣህ ወረቀት አወጣሁና ቁጣው የት እንደገባ ጠፋኝ። ስለዚህ ሌላ ልንገርህ።

ስለ ቶማስ ጠየቅከኝ፣ «አልፏል» ብዬ አለፍኩህ። ሚሎራድ በሞተ በመጀመሪያው ዓመት ማንም አልመጣም፤ ኀዘን ነው፣ ደንብ ነው። በሁለተኛው ዓመት ወገቤን አሞኝ «ዘንድሮ አንቀበልም» ብዬ ላክሁ። ሁሉም «አይዞሽ፣ ለከርሞ ያድርሰን» አሉ። ከርሞ ደረሰ። ለማንም አትምጡ አላልኩም እኮ። ንፍሮውን ቀቀልኩ፣ ጧፉን አበራሁ፣ ያቺን ሰማያዊ ቀሚሴን ለበስኩና ከበሩ ትይዩ ቆምኩ። ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ቀሚሴን አስተካክላለሁ። የላይ ቤት ሰዎች ናቸው። አንዱ ቆም ብሎ «ምን ይሸታል እንዲህ ጥሩ?» አለና ወጣ። ልጄ ከሥራ ስትወጣ መጥታ አብራኝ ተቀመጠች፤ ልጅ ግን እንግዳ አይደለም።

ሰው ከፍቶብኝ አይደለም። አንዴ አትምጡ የተባለ ሰው «ልምጣ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ያፍራል። እኔም «ኑ» ማለት አልችልም፤ ለዝክር አይጠራም። እንዲህ እየተፋፈርን ቀረን። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ንፍሮዬን በማንኪያ ለብቻዬ እበላለሁ፤ ለአንተ ደግሞ «ቤቱ ሞልቶ ነበር» እያልኩ እጽፋለሁ።

በር መዝጋት ቀላል ነው፣ ቪቶሚር። መልሶ መክፈቻው ነው የጠፋብኝ።

እኔ መምጣት አልችልም፤ ትንሿን ኩፍኝ ይዟታል፣ እናቷ ፈቃድ የላትም፣ እኔ ነኝ የማስታምማት። ስለዚህ አጠገብህ ሆኜ ልጨቀጭቅህ አልችልም። ይህችው ደብዳቤ ናት ያለችኝ።

ስታሜንካ


ከኢቫኒትሳ ተራራ፣ ኖቬምበር 16 ቀን

እትዬ ስታሜንካ፣

ደብዳቤሽ ሳይደርሰኝ እሑድ ሄጄ ነበር። ራዴንኮ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሟል። ልናገር አፌን ከፈትኩ። «ምነው እንደ ዓሣ አፍህን ከፈትክ?» አለኝ። «የላምህ ጡት እንዴት ሆነ?» አልኩት። ጡቷ ምንም አልሆነም። ግራ ገብቶት ቤቱ ሄዶ ላሚቱን አገላብጦ አያት አሉ።

በሳምንቱ ደብዳቤሽ መጣ። ያነበብኩት ጋጣ ውስጥ፣ ድርቆሽ ላይ ተቀምጬ ነው። ሰማያዊው ቀሚስ ጋ ስደርስ ደግሜ አነበብኩት። ይቅር በይኝ ልልሽ ፈለግሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም።

አልተናገርኩም፤ ከእንግዲህም አልናገርም። ቅዳሜ ይመጣሉ። እስከዚያ ምንም ሳልሠራ ተኝቼ ጉልበት አጠራቅማለሁ። ለመቆም ያህል ይበቃኛል ወይ ብትይኝ፣ አይመስለኝም። የምወድቅ ከሆነም ቤቴ ውስጥ፣ በሩ ተከፍቶ እወድቃለሁ።

ጸልዪልኝ።

ቪቶሚር


ቭርሻትስ፣ ኖቬምበር 30 ቀን

ቪቶሚር፣

ሳምንት አለፈ፤ ወይ ደብዳቤ የለ፣ ወይ ቴሌግራም የለ። ዞርካ እሑድ ደወለች። «ቆመ?» ብላት «አክስቴ፣ ሁሉም ቆሙ» ብላ ልቅሶዋን ለቀቀችው፤ ስልኩም ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አይገባም።

እነማን ናቸው የቆሙት? ለምን? ሰው ቆመ የሚባለው ለቀብርም ጭምር ነው እኮ፤ ምን ልበል እኔ እዚህ? በሕይወት ካለህ ጻፍ። ተኝተህም ቢሆን ጻፍ። በሚቀጥለው እንዳትለኝ።

ስታሜንካ


ከኢቫኒትሳ ተራራ፣ ዲሴምበር 5 ቀን

እትዬ ስታሜንካ፣

አለሁ። ተኝቼ ነው የምጽፈው፤ ፊደሌ ቁልቁል የሚንሸራተተው ለዚህ ነው። ስላስጨነቅሁሽ ይቅርታ። ሰሞኑን እስክሪብቶ ማንሳት እንኳ ሸክም ሆኖብኝ ነበር።

ቄስ ሉቢሻ ጧፉን አበሩ፣ ጸሎቱ ደረሰ፣ ዳቦውን አብረን ይዘን አዞርነው፣ ወይኑን አፈሰስንበት፣ ቆርሰን ተሳለምነው። እስከዚያ ቆምኩ። ሾርባውም ቀረበ፤ ቆምኩ። ቤቱ ሞልቶ ነበር። ይህን ስጽፍልሽ ምን እንደሚሰማሽ አውቃለሁ፣ ግን እውነት ነው።

ጥብሱ ከራዴንኮ ግቢ መጣ። ተሸፍኖ ነው የመጣው፣ አንቺ እንዳልሽው። ሲገለጥ ግን ሽታው እንደ ጡጫ ሆዴን መታኝ። የበሩን መቃን ያዝኩ። ላቤ ወረደ፣ እግሬ የእኔ መሆኑ ቀረ። ዞርካ ወንበር ይዛ ሮጣ መጣች። «መልሺው» አልኳት። «አባዬ፣ በእግዚአብሔር!» አለች። «መልሺው ብዬሻለሁ!» ጮህኩባት፣ በዝክር ቀን።

ራዴንኮ አፉ ሥጋ እንደሞላ ተነሣ። መጥቶ በሁለት እጁ ትከሻዬን ይዞ ወንበሩ ላይ ዘፍ አደረገኝ። «ተቀመጥ አንተ ግትር! ቢያንስ ሳህኑ ላይ አትውደቅብን!» አለኝ። ማንም ማንንም አያይም። ዘካሪው ተቀመጠ፣ ጧፉ እየነደደ። መሬቱ አፉን ቢከፍትልኝ በወደድኩ።

ከዚያ ራዴንኮ ያላመጠውን ዋጠ። የወይኑን ማንቆርቆሪያ ከእጄ ወሰደ፣ ከበሩ አጠገብ እኔ የምቆምበት ቦታ ሄዶ ቆመ። ጉሮሮውን ጠራርጎ «እህ፣ ምን ጎደለ? የማን ጽዋ ባዶ ነው?» አለ። አንዱ «እሱን አቁማችሁማ ወይኑን ራሱ ይጨርሰዋል!» አለ፣ ሳቅ ሆነ። ራዴንኮ ጥቂት ቆመና የወፍጮ ቤቱ ቦዥዳር ተነሣ፤ «በቃህ፣ ሥጋህ ቀዘቀዘ፣ ቦታ ልቀቅ» አለው። ከቦዥዳር በኋላ የዞርካ ባል ቆመ። ከእሱ በኋላ ማንም ሳያዛቸው ቄስ ሉቢሻ ራሳቸው ቆሙ፤ ዳቦ ይዘው እየዞሩ «ብሉ እንጂ፣ ዘካሪው ይቀየማል» ይላሉ። እስኪመሽ ድረስ ያቺ ከበሩ አጠገብ ያለችው ቦታ ባዶዋን አልቀረችም። አንዱ ሳይቆም ሌላው አይቀመጥም ነበር።

እኔ ከመስኮቱ ሥር ናናዬን ይዤ ተቀመጥኩ። «ምነው አትበላም?» ያለኝ ሰው የለም። የቦዥዳር እናት አጠገቤ መጥታ በጆሮዬ «እኔም ይሄ ሥጋ አይስማማኝም፤ ለልጄ እንዳትነግር» አለችኝና ከናናዬ ተጋራችኝ። ሁለታችን ድንች በላን።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ከልጅነቴ ጀምሮ በየዓመቱ ቆሜ የሰውን አናት ነው የማየው፤ ማን ዳቦ አለቀበት፣ የማን ጽዋ ጎደለ እያልኩ። ቤቴን በዝክር ቀን ተቀምጬ አይቼው አላውቅም ነበር። ከታች ሆነሽ ስታዪው ጧፉ ሥዕሉ ላይ እንዴት እንደሚወዛወዝ፣ ኮሳራ የሰቀለችው መጋረጃ ከዳር እንደተጠገነ፣ ሰው ከልቡ ሲስቅ ጉሮሮው እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ይታያል። እሷም ጓዳ ውስጥ ስትዋከብ ይህን ሳታየው እንደሄደች አሰብኩ። ትንሽ አለቀስኩ፤ ጭሱ ነው አልኳቸው።

በማግስቱ ሰውነቴ ሒሳቡን ጠየቀኝ። ውኃ እንኳ አልረጋልኝም። ጭንቅላቴን ከትራስ ማንሳት አቃተኝ። ዞርካ ሁለቱን ሳምንት እዚህ ሆና አስታመመችኝ፤ ትናንት ነው የሄደችው። አልተሻለኝም እትዬ። ሰው ሁሉ አሁንስ ተሻለህ አይደል ይለኛል፣ አንቺ ግን ይህን እንዳትጠይቂኝ። የሩዝ ውኃው ዛሬ ረግቶልኛል። እዚያ ላይ ነን።

ስለ ቶማስ ለራዴንኮ ነገርኩት፤ ሳላስፈቅድሽ ነው፣ ተቆጪኝ። ወደ ቭርሻትስ አውቶቡስ በየት በኩል እንደሚሄድ እየጠየቀ ነው። ለዝክር አይጠራም፣ ስለዚህ አንቺም ምንም አትበይ።

አሁን ደግሞ አዲስ ጠብ መጥቷል። ዛሬ ጠዋት ራዴንኮ በመስኮት በኩል አንገቱን አስገብቶ «ቦዥዳር በሚቀጥለው ዓመት ቀድሜ የምቆመው እኔ ነኝ እያለ ነው፤ ሰምተሃል?» አለኝ። ቄሱም ይፈልጋሉ አሉ። የዞርካ ባል ደግሞ እኔ የቤቱ ሰው ነኝ ብሏል። እኔ ተኝቼ፣ ዓይኔን እንኳ በቅጡ ሳልገልጥ፣ «ዳቦው ሲቆረስ እኔ ነኝ የምቆመው። ያቺን ያህል እችላለሁ። የቀረውን ተካፈሉት» አልኩት።

መስኮቱን ሊዘጋልኝ እጁን ሰደደና «እሺ፤ የሾርባው ተራ ግን የእኔ ነው» አለ።

ወንድምሽ ቪቶሚር